ተዝካር ያልወጣላቸው ሙታን
ስለ ቪየትናም ስደተኞች ልብ ወለድና ስለ ጦርነት ትዝታ የተደረገ የሕዝብ ንግግር



የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ጦርነት የሚያልቀው የሰላም ውል በተፈረመበት፥ ወይም የአንዱ ወገን ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የሌላው በተሰቀለበት ቀን ነው ብለው ይመዘግባሉ። ይህ አቆጣጠር ለመንግሥታት መዝገብ የሚበቃ ቢሆንም፥ ልጅዋን በስደት ጕዞ ለባሕር ሰጥታ በባዕድ ሀገር የምትኖር እናት ያን ቀን የጦርነቱ መጨረሻ ነው ብላ ልትቀበለው አይቻላትም፤ ጦርነቱ በሕልምዋም፥ በጸሎትዋም፥ የተረፉትን ልጆችዋን በምታሳድግበት ፍርሃትም ውስጥ ገና አላለቀምና። መንግሥታት በሚያውጁት ፍጻሜና ሰዎች በልባቸው በሚያውቁት ፍጻሜ መካከል ያለውን ይህን ረጅም ዘመን አብልጦ የመረመረው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ልብ ወለድ ነው፤ ስለዚህም የዛሬው ንግግሬ ከቪየትናም ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከመጣው ስደት በተወለዱት ልብ ወለዶች ላይ ይሆናል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው አሳቤን በአጭሩ ላስታውቅ። የጦርነት ትዝታ ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ አንደኛው ዝክር ነው፥ ሁለተኛውም ኑዛዜ ነው። ዝክር ስል ሙታንን በስማቸው ጠርቶ በሕያዋን መካከል ስፍራ መስጠትን ማለቴ ነው፤ ኑዛዜ ስልም በሕይወት የተረፈው ሰው በዚያ ጦርነት እርሱ ራሱና ወገኑ ያደረጉትን ክፉ ነገር ሳይሸሽግ መናገሩን ማለቴ ነው። ኑዛዜ የሌለበት ዝክር ለበቀል ስንቅ ይሆናል፤ ዝክር የሌለበት ኑዛዜም በደለኛውን ከጭንቀቱ ያሳርፈዋል እንጂ ለተበደለው አንዳች ነገር አይመልስለትም። ዛሬ የማነሣቸው ደራስያን ታላቅነት፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ሁለቱን ግዴታዎች በአንድነት ለመፈጸም መድከማቸው ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ታሪኩን አስቀድመን እንመልከት። በ1954 ዓ.ም. ፈረንሳዮች በዲየን ቢየን ፉ ድል ከተነሡ በኋላ፥ በጄኔቫ የተደረገው ስምምነት ቪየትናምን በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ለሁለት ከፈላት፤ ሰሜኑ በኮሚኒስቶች፥ ደቡቡም በኋላ አሜሪካ በምትደግፈው መንግሥት እጅ ሆነ። ወዲያውም ከ800,000 የሚበልጥ ሕዝብ፥ ከመካከሉም እጅግ የሚበዛው የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ፥ ቤቱንና ያባቶቹን መቃብር ጥሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ፈለሰ። ስለዚህ የውጭው ዓለም የቪየትናም ስደት በ1975 ዓ.ም. ጀመረ ብሎ ቢያስብም፥ ለብዙ ቤተ ሰቦች ያ ዓመት የሁለተኛው ስደታቸው ዓመት ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ዓ.ም. የሰሜኑ ሠራዊት ታንኮች የሳይጎንን ቤተ መንግሥት በር ጥሰው ሲገቡ ደቡብ ቪየትናም የምትባለው መንግሥት ከካርታ ጠፋች፤ በዚያው ወራት ወደ 130,000 የሚሆኑ ሰዎች በአውሮፕላንና በመርከብ ወጥተው፥ ጓምን ተሻግረው፥ በካሊፎርኒያ፥ በአርካንሳስ፥ በፔንሲልቬንያና በፍሎሪዳ በነበሩት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ተቀመጡ።

የቀሩት ሰዎች ዕጣ ከዚህ የባሰ ነበር። የደቡቡ መንግሥት መኰንኖችና ሹማምንት «ተሐድሶ» በሚል ስም በተቋቋሙት የግዞት ሰፈሮች ተዘግተው አንዳንዶቹ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆዩ፤ የነጋዴው ንብረት ተወረሰ፤ ትውልዳቸው ከቻይና የሆነውም ሀገር ለቀው እንዲሄዱ ተገፉ። ከዚህ የተነሣ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ለወንዝና ለባሕር ዳር ዓሣ ማጥመጃ በተሠሩ ታንኳዎች ላይ ታጭቆ ወደ ጥልቁ ባሕር ወጣ፤ በዚያም ማዕበልና ጥም፥ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤም ወንዱን ገድለው ሴቱን የሚያዋርዱ የባሕር ወንበዴዎች ጠበቁት። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ወደ 800,000 የሚጠጉ ሰዎች በታንኳ ወደ ጎረቤት አገሮች ወደብ ደርሰዋል፤ ስፋትዋ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነችው ፑላው ቢዶንግ በምትባለው የማሌዥያ ደሴት ላይ ብቻ በ1979 ዓ.ም. ወደ 40,000 ስደተኞች ሰፍረው ነበር። የደረሱት ተመዝግበዋል፤ በመንገድ የቀሩትን ግን ከመዝጋቢዎቹ አንድም ሰው ስማቸውን አልጠየቃቸውም።

በቪየትናም ሕዝብ ትውፊት ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በየቤቱ የሙታን አባቶች ሥዕል የሚቀመጥበት፥ ዕጣን የሚታጠንበት መሠዊያ አለ፤ ዘመድ የሞተበትም ቀን በየዓመቱ ተቆጥሮ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ግብር ያገባል። ከሀገሩና ከዘመዶቹ ርቆ የሞተ፥ በወግ ያልተቀበረና ዓመቱን የሚያስብለት ወገን የሌለው ሰው ግን ነፍሱ ዕረፍት አጥታ ስትንከራተት ትኖራለች ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህም በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር ላይ ማንም ለሌላቸው ተንከራታች ነፍሳት ሁሉ ቀጭን የሩዝ አጥሚት ይቀርብላቸዋል። የቪየትናም ሕዝብ ከሁሉ የሚበልጥ ባለ ቅኔው አድርጎ የሚያከብረው ንጉየን ዙ፥ በስደትና በመለያየት መከራ ላይ የተመሠረተውን የኪየውን ታሪክ በ3,254 ስንኝ ከመጻፉ ሌላ፥ ለእነዚህ ለተንከራታች ነፍሳት ረጅም የሙሾ ግጥም ደርሶላቸዋል። ሣልስትና አርባ፥ ሙት ዓመትና ተዝካር በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ለተሰበሰባችሁት ለእናንተ፥ ሬሳው ያልተገኘ ሰው በቤተ ሰቡ ልብ ላይ የሚተወውን ጭንቀት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መንግሥታት ሙታንን የሚያስቡት ግን እየመረጡ ነው። በ1982 ዓ.ም. በዋሺንግተን የተመረቀው፥ ማያ ሊን የተባለች ወጣት የሠራችው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ከ58,000 የሚበልጡ አሜሪካውያን ሙታንን ስም ይዞ፥ ከአጠገባቸው የተዋጉትን ቪየትናማውያን ግን አንድ ስንኳ አይጠራም። በቪየትናም ደግሞ ድል ያደረገው ወገን ወታደሮቹን በሰማዕትነት ስም በየአውራጃው በክብር ሲያስቀምጥ፥ በቢየን ሆዋ የሚገኘው የደቡቡ ወታደሮች መቃብር ለብዙ ዓመታት በጦር ሠራዊት ጥበቃ ሥር ሆኖ ዘመድ እንደ ልቡ የማይገባበት ስፍራ ነበረ። የቀድሞ ስደተኞች ወደ ቢዶንግና ጋላንግ ወደምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ተመልሰው በመንገድ ለቀሩት ያቆሙት የመታሰቢያ ድንጋይም፥ የቪየትናም መንግሥት ቅር በመሰኘቱ፥ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቷል። የቪየትናም መንግሥት ራሱ በ1995 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በጦርነቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆን ሰላማዊ ሕዝብና 1.1 ሚሊዮን የሰሜኑ ወገን ተዋጊ አልቋል፤ ይህን ለሚያህል ሙታን የሚበቃ ድንጋይ ቢጠረብ እንኳ፥ የተሸነፉት፥ የተሰደዱትና የሰመጡት ሙታን ስፍራ የሚያገኙበት አልሆነም። ዝክርን ልብ ወለድ የተረከበው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው።

የዚህ ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ ቪየት ታን ንጉየን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው «ስደተኞቹ» በተባለው መድበል ውስጥ የመጀመሪያ ሆኖ የተቀመጠው ታሪክ ነው። ደራሲው በ1971 ዓ.ም. በቡዎን ማ ቱኦት የተወለደ፥ ወላጆቹ በ1954 ዓ.ም. ከሰሜን፥ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ የተሰደዱ፥ እርሱም በአራት ዓመቱ በፔንሲልቬንያው ጦር ሰፈር ከወላጆቹ ተለይቶ ለጊዜው በአሜሪካውያን ቤት የኖረ ሰው ነው። የታሪኩ ባለቤት የሌሎችን ሰዎች ሕይወት በእነርሱ ስም እየጻፈች የምትኖር ሴት ናት፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በታንኳ ላይ የሞተው ወንድምዋ አንድ ሌሊት፥ ውቅያኖሱን በዋና አቋርጦ፥ ልብሱ ውኃ እንዳዘለ ከእናትዋ ቤት ይመጣል። ይህ ልጅ ወንበዴዎቹ እንዳያውቁባት ጠጕርዋን ቈርጦ ወንድ ልጅ አስመስሏት ነበር፤ እነርሱም ባወቁ ጊዜ ከእርስዋ ፊት ቆሞ ተገደለ፤ እርስዋም ከመዋረድ አልዳነችም። እናትዋ መንፈሱን ደረቅ ልብስ አዘጋጅታ ስትቀበለው እርስዋ ትፈራዋለች፤ በመጨረሻም ያን ቀን በቃልዋ ስታነሣው፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የራስዋን ታሪክ መጻፍ ያቃታት ሴት ብዕርዋ ይፈታላታል። ወንድምዋ ለምን እንደ መጣ ታሪኩ በግልጥ አይነግረንም፤ እኔ ግን እንደሚመስለኝ የመጣው ተዝካሩን ሊጠይቅ ነው፥ እርስዋም የከፈለችው በመጻፍ ነው።

የባሕሩ ሞት በሌሎች ደራስያን ዘንድም ተደጋግሞ ይገኛል ቢባል አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው እያንዳንዱ የሚያይበት ዓይን መለየቱ ነው። በሕፃንነቱ በታንኳ ወደ አውስትራልያ የተወሰደው ናም ሌ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው «ታንኳው» በተባለው መድበል መጨረሻ ላይ፥ አንዲት ብቻዋን የተላከች ልጃገረድ በጕዞው ላይ እንደ ወንድም የያዘችው ሕፃን የብስ ሊታይ ሲል ሞቶ ሥጋው ለባሕር ሲሰጥ ያሳየናል። ሌ ቲ ዲየም ቱዊ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ልብ ወለድዋ በሳን ዲየጎ ከአባትዋ ጋር የምትኖር ትንሽ ልጅ በቪየትናም ሰጥሞ የቀረው ታላቅ ወንድምዋ ከአጠገብዋ እንዳልተለየ ስትኖር ታሳየናለች፤ የቤተ ሰቡን ኀዘን ሁሉ የምንረዳው ከማይነገረው ነው። በዐሥር ዓመትዋ ከሳይጎን ወጥታ፥ በማሌዥያ ሰፈር ቆይታ፥ በካናዳ በኬቤክ ያደገችው ኪም ቱዊ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ ያሳተመችው «ሩ» የተባለው መጽሐፍዋ ብዙው ምዕራፍ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ነው፤ ትዝታ በስደተኛ ልብ ውስጥ ተራ ጠብቆ እንደማይመጣ፥ የሰፈሩ ጭቃ ከኬቤክ በረዶ፥ የሕፃንነት ቤት ከእናትነት ወራት ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመጣ አንባቢው በመጽሐፉ አሠራር ይረዳዋል።

ስደት ግን ሞት ብቻ አይደለም፤ ከሞት ተርፎ በባዕድ ሀገር መኖር ራሱን የቻለ መከራ አለው። በቪየት ታን ንጉየን «የጦርነት ዓመታት» በተባለው ታሪክ በካሊፎርኒያ በሳን ሆሴ ከተማ የግሮሰሪ ሱቅ ያላትን፥ ከሌሊት እስከ ሌሊት ሠርታ ሳንቲም የምታጠራቅመውን አንዲት እናት፥ ወደ ሱቅዋ እየመጣች ኮሚኒስቶችን የሚወጋ የሽምቅ ጦር ለማስታጠቅ ገንዘብ ካላዋጣሽ የኮሚኒስት ደጋፊ ነሽ የምትላት ወይዘሮ ሆዋ የምትባል ስደተኛ ታስጨንቃታለች። የሱቋ ባለቤት በመጨረሻ ተቆጥታ፥ ልትሞግታት እስከ ቤትዋ ድረስ ተከትላት ትሄዳለች፤ እዚያ የምታገኘው ግን ጦርነት ባልና ልጅ ያሳጣት፥ ለማይመለስ ሠራዊት የደንብ ልብስ እየሰፋች ሌሊቱን የምትገፋ ሴት ነው፤ ይህንም አይታ ለክርክር የመጣችው ሴት ገንዘብዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጣታለች። የወይዘሮ ሆዋ ጦርነት በእርግጥ ያለቀ ጦርነት ነው፤ ነገር ግን አልቋል ብላ ከተቀበለች ባልዋና ልጅዋ የሞቱት ለከንቱ ነው ማለት ይሆንባታል። በስደተኞች መካከል ያለውን የፖለቲካ ምሬት ከዚህ ይልቅ በርኅራኄ የተረዳ ጽሑፍ አላውቅም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዝክር ነው፤ ወደ ሁለተኛው፥ ይኸውም ወደ ኑዛዜው ልለፍ። በዚህ ረገድ ሁለት መጽሐፎች፥ አንዱ ከድል አድራጊው ወገን፥ ሁለተኛውም ከስደተኛው ወገን የተጻፉ፥ ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የባኦ ኒን «የጦርነት ኀዘን» ነው። ደራሲው የሰሜኑ ሠራዊት ወታደር ነበረ፤ በ1969 ዓ.ም. አብረውት ከዘመቱት 500 ወጣቶች መካከል በሕይወት የተረፉት 10 ብቻ እንደ ሆኑ በመጽሐፉ ላይ ታትሟል። ኪየን የተባለው ባለ ታሪኩ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በየጫካው የወደቁትን ጓዶቹን ዐጽም እየሰበሰበ በካሚዮን የሚጭን ቡድን አባል ይሆናል፤ ውጊያ ያለቀባቸው ሸለቆዎች ለእርሱ ነፍሳት የሚጮኹባቸው ሸለቆዎች ናቸው። ድል ያደረገው ወገን ደራሲ ድሉን ያወድሳል ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ፥ ይህ ሰው ድል ያሉት ነገር ወጣትነቱንና ፍቅሩን እንደ በላበት፥ እርሱና ጓዶቹም የፈጸሙትን ጭካኔ ሳይሸሽግ ጻፈ፤ የሀገሩ የደራስያን ማኅበርም በ1991 ዓ.ም. ሸለመው። ኪየን ስደተኛ አልነበረም፤ ሀገሩ ድል አድርጋ እርሱ ባደገበት በሃኖይ ከተማ እንደ እንግዳ መኖሩ ግን ከማንኛውም ስደተኛ ጋር ወንድም ያደርገዋል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ንጉየን በ2015 ዓ.ም. ያሳተመው፥ በሚከተለውም ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘበት «ተቆርቋሪው» የተባለው ልብ ወለድ ነው። ባለ ታሪኩ ከፈረንሳዊ ቄስና ከቪየትናማዊት እናት የተወለደ፥ በደቡቡ ሠራዊት ውስጥ ሻምበል ሆኖ ለሰሜኑ የሚሰልል ሰው ነው፤ ሳይጎን ስትወድቅ ከአለቃው ከጄኔራሉ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ይሰደዳል፤ በዚያም ሁለት ሰዎችን ይገድላል፥ የእነዚህም ሰዎች መንፈስ ከዚያ ወዲያ አይለየውም። መጽሐፉ በአብዛኛው በግዞት ሰፈር ውስጥ ለሰፈሩ አዛዥ የሚጻፍ ኑዛዜ ነው። አዛዡ የሚሻው የፖለቲካ ንስሓ፥ ይኸውም አስቀድሞ የታወቀ የእምነት ቃል ነው፤ በመከራው ብዛት ከሰውየው የሚወጣው ግን ከራሱም ደብቆት የኖረው እውነት ነው። ይህም፥ አንዲት የራሱ ወገን የሆነች ሴት ተይዛ በፊቱ ስትዋረድ፥ ሰላይነቱን ለመጠበቅ ሲል ቆሞ ማየቱና አንዳች አለማድረጉ ነው። እጁን ሳያነሣ በደል የፈጸመ ሰው ምን ተብሎ ይከሰሳል? ሕግ ለዚህ አንቀጽ የለው ይሆናል፤ ኅሊና ግን ያውቀዋል፤ የመጽሐፉም ሥልጣን ያለው አንባቢውን ከዚህ ጥያቄ ፊት ማቆሙ ላይ ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ባለ ታሪኩ በፊሊፒንስ ስለ ቪየትናም ጦርነት ለሚሠራ የአሜሪካ ፊልም አማካሪ ሆኖ ይሄዳል፤ በዚያም ስደተኞች የገዛ ሞታቸውን እያስመሰሉ እንዲወድቁ ሲቀጠሩ፥ የሚናገሩት ቃል ግን እንዳይኖራቸው ይደረጋል። ደራሲው ይህን ያገባው በከንቱ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የዓለም ሕዝብ ይህን ጦርነት ያወቀው በአሜሪካ ሲኒማ ነውና፥ በዚያም ቪየትናማዊው የሌላ ሰው ኀዘን ማስጌጫ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ንጉየን ከዚህ ተነሥቶ የገዛ ወገኑን ንጹሕ አድርጎ ቢያቀርብ ኖሮ መጽሐፉ ክስ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር፤ እርሱ ግን በ2016 ዓ.ም. ስለ ጦርነት ትዝታ በጻፈው የጥናት መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የራስን ሙታን ብቻ የሚያስብ ትዝታ ጐዶሎ ነው፤ የሌላውን ወገን ሙታን ከማሰብም ጋር ራስ ያደረጉትን ኢሰብአዊነት ማወቅ ይገባል ይላል።

አንዳንድ ሰዎች፥ ልብ ወለድ ፈጠራ ነውና ስለ ጦርነት የምስክርነት ቃል ሊሆን አይችልም ይላሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላል የሚታይ አይደለም፤ የሞቱትን ሰዎች ቍጥር፥ የውጊያውን ቀንና ስፍራ ለማወቅ የምንሻ እንደ ሆነ ወደ ታሪክ ጸሐፊው መሄድ አለብን። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊው ያለ ሰነድ መናገር አይገባውም፤ በባሕር የሰመጠ ሰው ሰነድ አልተወም፤ ያፈረ ሰውም ያሳፈረውን ነገር ለመዝገብ ቤት አላስረከበም። ልብ ወለድ ሰነድ ወደሌለበት ወደ ሰው ልብ የሚገባ ከመሆኑም በላይ፥ አንባቢው የጠላውን ሰው በአንደኛ መደብ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ የሳይጎን ስደተኛ የኪየንን፥ የሃኖይ ሰውም የወይዘሮ ሆዋን ኀዘን ካነበበ በኋላ የሌላውን ሙታን እንደ ቀድሞው አድርጎ ሊንቃቸው አይችልም።

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ አይደለም። ፕሬዚዳንት ካርተር ማርች 17 ቀን 1980 ዓ.ም. የፈረሙት የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የኢንዶቻይና ስደተኞች ጕዳይ ነበረ፤ ከደርግ ሸሽተው በሱዳን ሰፈሮች የቆዩት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንም ወደ አሜሪካ የገቡት በዚያው በር ነው። በሳን ሆሴ የነበረችው የግሮሰሪ ሱቅ በዋሺንግተንም አለች፤ ዲናው መንግሥቱ በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፥ አባቱን ወታደሮች ወስደውበት የተሰደደው ሴፋ እስጢፋኖስ ሎጋን ሰርክል በተባለው ሰፈር ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ፥ ከሌሎች ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ ጋር ስለ አፍሪካ መፈንቅለ መንግሥታት እየተጠያየቀ ዕድሜውን ይቈጥራል። መዓዛ መንግሥቴም በ2010 ዓ.ም. ባሳተመችው ልብ ወለድ ወደ ቀይ ሽብር ዘመን ተመልሳለች፤ ያም ዘመን በየመንገዱ ለወደቁ ልጆች እናቶች ልቅሶ እንዳይቀመጡ የተከለከሉበት ዘመን እንደ ነበረ ከእናንተ የሚያስታውሱ አሉ። በሱዳን በረሃ፥ በቀይ ባሕርና በሜዲትራንያን የቀሩት ወገኖቻችን ደግሞ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ከቀሩት ጋር አንድ ዐይነት ሞት ሞተዋል።

ስለዚህ በአማርኛም ሆነ በሌላው ቋንቋችን ለምትጽፉ ወጣቶች የምለው ይህ ነው። ዝክሩን አትተዉት፤ የሞቱትን በስማቸው፥ በሠፈራቸውና በጠባያቸው ጻፉአቸው፤ ቍጥር ሆነው አይቅሩ። ነገር ግን በዚያ ላይ አታብቁ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕታት ብቻ ቆጥሮ ሌላውን በገዳይነት ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፥ ከልቅሶው የሚነሣው ሌላ ጦርነት ነው፤ ኀዘናችን እውነተኛ መሆኑ ብቻውን ከዚህ አያድነንም። ባኦ ኒን ድል አድርጎ ሳለ፥ ንጉየንም ከተሸነፈው ወገን ተወልዶ ሳለ፥ ሁለቱም «እኛስ ምን አደረግን?» ብለው ለመጠየቅ ደፍረዋል፤ ይህ ጥያቄ ከጠላት ሲመጣ ክስ፥ ከወገን ሲመጣ ግን የፈውስ መጀመሪያ ነው። ከቪየትናም ደራስያን የምንማረው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ድፍረት ይመስለኛል፤ እርሱም ከማንም በውሰት የሚገኝ ስላልሆነ፥ እያንዳንዱ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው፥ በገዛ ሙታኑ ፊት፥ ራሱ ሊጀምረው ግድ ይሆንበታል።